እማዬ እንዳትደግምልህ

ይድረስ ለውዱ አባቴ፣

እንደ ደብዳቤ ወግ መጀመሪያ ጤንነትህን ልጠይቅ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ጠዋት ከወንበርህ ስትነሳ አሁንም ጠረጴዛውን ትደገፋለህ ወይስ የእማዬ ቅባት ትንሽ ፋታ ሰጠህ? ሳሉስ ለቀቀህ? ሱቁን በሰዓቱ እንደምትከፍት አልጠራጠርም፤ ግን እባክህ ምሳህንም በሰዓቱ ብላ። ማስቲሽ ሲያሸትቱ መዋል ምግብ አይሆንም። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ስለ ደህንነቴ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ሌላውን እያነበብክ ትደርስበታለህ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ያቺ ከባሕር ማዶ ዕቃ እያመላለሰች የምትነግደው ሴትዮ ናት። ለአንተ ብቻ፣ ያውም በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ ብያታለሁ። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። አባዬ፣ አንተ ስልክ ስታነሳ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለህ። እኔ ከዚህ እጮኻለሁ፤ አንተ ከዚያ ምን አልሽ ትላለህ፤ እማዬ ስልኩን ከእጅህ ትነጥቅና እያንዳንዷን ቃል ጆሮህ ላይ ትደግምልሃለች። ዕድሜ ልክህን የያዝከው መዶሻ ጆሮህን ከወሰደው ወዲህ ከእኛ ወደ አንተ የሄደ ወሬ ሁሉ በእሷ አፍ ነው ያለፈው። ይኸኛው ግን በእሷ አፍ እንዲያልፍ አልፈልግም። ስለዚህ መነጽርህን አድርግ፣ ሱቁን ከውስጥ ዝጋና ብቻህን አንብበው። ደንበኛ ቢያንኳኳም አትክፈት።

ደግሞ ጋዜጣ ከኋላ ገጹ እንደምትጀምረው ይህንንም ከመጨረሻው እንዳትጀምረው እለምንሃለሁ። እኔም በቅደም ተከተል ካልሄድኩ ልጽፈው አልችልም።

ቆዳ ልገዛ ክፍለ አገር ልሄድ ነው ብዬ ከቤት የወጣሁ ዕለት ዋሽቼህ ነው። መዋሸቴን ከሰማህ ቆየህ፤ ያልሰማኸው ምን እንዳስዋሸኝ ነው። በዋዜማው አንተ ጥርስህን ልትነቀል ሄደህ እኔ ብቻዬን ሱቅ ነበርኩ። ይቺው ነጋዴ መጣችና ወንድምሽ ሚስማር የላከው ነው ብላ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሶሉን ቀይሪልኝ፣ አባዬን ግን አታስቸግሪው ብሏል አለችኝ። ሳቄ መጣ። ልጅህ ባሕር ተሻግሮም ጫማውን ከእኛ ሌላ እጅ እንዲነካበት አይፈልግም። ሚስማር ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። ሰው ሁሉ ለቅጥነቱ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ገና ፊደል ሳይቆጥር ከጎንህ ቁጭ ብሎ አንተን ለመምሰል ሚስማር በከንፈሩ ይደረድር እንደነበር እናውቃለን። እማዬ ዋጠው እያለች ስንት ጊዜ አፉን በጣቷ ፈትሻለች!

ጥቅሉን ስፈታው ሲሄድ የሰፋህለት ቡናማው ጫማ ነው። ሶሉ በእርግጥ አልቋል። ገልብጬ ላስቀምጠው ስል ግን ጣቴ የማላውቀው ስፌት ላይ አረፈ። ከማሰሪያው ጀምሮ እስከ ጣቶቹ ድረስ፣ ሁለቱም ጫማ፣ በስለት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ መሐል ሰፊ ላስቲክ ገብቶ ተሰፍቷል፤ ላስቲኩም ቡናማ ቀለም ተቀብቷል። ከሩቅ የሚያይ ሰው አይጠረጥርም። የሰፋው እሱ ራሱ ነው፤ ስፌቱን የትም ባየው አውቀዋለሁ፣ የመጨረሻውን ቋጠሮ ወደ ውስጥ ይደብቀዋል።

በእኛ ቤት ጫማ አይቀደድም። የጫማውን ተረከዝ ረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ሲጎትተው የነበረውን ጡረተኛ መምህር፣ እኔ የምጠግነው ጫማ ነው እንጂ ሰው አይደለም ብለህ ከሱቅ ያባረርክ ሰው ነህ። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ አባቱ የሰፋለትን ጫማ በስለት ከሰነጠቀ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ምን እንደሆነም ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ፖስተኛውን ታስታውሰዋለህ፤ አስፉልኝ፣ አሁንም አስፉልኝ እያለ ሲመላለስ ከርሞ አንድ ቀን መምጣት አቆመ። እግሩ ያበጠ ሰው ነው ጫማ የሚሰነጥቀው። ሚስማር ደግሞ ያን ሰሞን በስልክ ወፍሬአለሁ ብሎን እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ ስታወራ ሰንብታለች።

አንተን ፈርቼ ጫማውን ጠረጴዛው ስር ባለው የቁርጥራጭ ቆዳ ጆንያ ውስጥ ደበቅኩት። አሁንም እዚያው ነው። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ቀጥታ ትኬት ቢሮ ሄድኩ። አላሰብኩበትም። ብደውልለት ይዋሸኛል፣ ልምጣ ብለው ይከለክለኛል። ለዚያ ለቀረው የቆዳ ዐውደ ርዕይ ያወጣሁት ፓስፖርት አንድ ገጹ እንኳ ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ትኬት ቆራጯ ልጅ መቼ ነው መሄድ የምትፈልጊው ስትለኝ ነገ አልኳት። ከከተማ ወጥቼ አድሬ የማላውቀው ሴትዮ ነገ ስል የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ሻንጣ ውስጥ የሚስማርን እግር ልክ፣ በእግሩ ቅርጽ የጠረብካቸውን ሁለቱን የእንጨት ፎርማ፣ ለስላሳ ቆዳና ጥቂት ልብስ ከተትኩ። መሣሪያዬን ግን በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩ። መሣሪያ ከእጅ አይለይም፣ ለማንም አይሰጥም ብለህ ያሳደግከኝ አንተ ነህ። አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተና መጀመሪያ ቢላዋውን፣ ቀጥሎ መቀሱን፣ መዶሻውን፣ በመጨረሻ የቀንድ እጀታ ያለውን ወስፌህን እያወጣ ደረደረው። አዎ፣ ወስፌህንም ይዤው ነበር። ጓደኞቹን ጠራቸው። አንዱ ሴትዮ፣ ወዴት ነው የምትዘምቺው አለኝ። ጫማ ሰሪ ነኝ አልኩት። አውሮፕላኑ እኮ ጫማ የለውም አለኝ። ሌላውን ውሰዱት፣ ወስፌው ግን የአባቴ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ስመለስ እወስደዋለሁ፣ አስቀምጡልኝ ብልም የሚሰማኝ አጣሁ። ወይ ትጥይዋለሽ ወይ ትመለሻለሽ አሉኝ። ስለዚህ ተመለስኩ። እየሮጥኩ ወጥቼ ያመጣኝን የሰፈራችንን ባለታክሲ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አገኘሁትና ወስፌውን ለአባቴ አድርስልኝ አልኩት። ውሸቴ እንዴት እንደተጋለጠ አሁን ገባህ? ክፍለ አገር ሄዳለች የተባለች ልጅህ ወስፌህን ከአውሮፕላን ማረፊያ ስትልክልህ ምን እንዳሰብክ እኔ አላውቅም፤ እማዬ በኋላ በስልክ ያለችኝን ግን አልረሳውም።

ተመልሼ ስገባ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ተራዬ ደርሶ ስሮጥ በሩ ተዘግቷል አለችኝ አንዷ። አውሮፕላኑ እኮ ቆሟል፣ ይኸው በመስታወት ይታየኛል አልኳት። እሷም ይታያል፣ ግን ተዘግቷል አለችኝ። በቆመ አውሮፕላን ፊት ቆሜ አለቀስኩ። የሚቀጥለው በማግስቱ ነበር። አባዬ፣ ያ ቀን አሁን እንዴት እንደሚቆጨኝ ልነግርህ አልችልም። ለወስፌ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሰጠሁ። ያን ቀን አሁን መልሼ ባገኘው ሱቁን በሞላ በሰጠሁ።

በማግስቱ ወስፌ የሌላት ሰላማዊ ሴት ሆኜ ገባሁ። ጫማ አውልቁ ሲሉ የሁሉም ሰው ጫማ በሳህን በሳህን ሆኖ ሲያልፍ አየሁት። ብታየው ታዝን ነበር። ስፌት የሚባል ነገር ቀርቷል፣ ሁሉም በማስቲሽ የተጣበቀ ነው። የአንድ ልብሱ ያማረ ሰውዬ ሶል እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቶ አየሁና እጄን በላኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስላየሁት ብዙ አልጽፍልህም፤ ሌላው ሰው የሚያየውን ነው ያየሁት። መሐል ላይ አውሮፕላን የሚቀየርበት ከተማ ስንወርድ ግን ሁለቱም ጆሮዬ ድፍን አለ። ሰው አፉን ሲከፍት አያለሁ፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣው። የማላውቃቸው ሰዎች ፊቴ ላይ ይጮሃሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ እኔም ላለማስቸገር ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ያልገባኝንም አዎ እላለሁ። አንተን ሆንኩ። ስንት ጊዜ ነው ሳትሰማን አዎ ያልከን? ስንት ጊዜስ እኛ እየሳቅን አንተ ፊታችንን እያየህ አብረኸን የሳቅከው? በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ተቀምጬ አንተን ናፈቅኩህ፤ በራሴም አፈርኩ። የምንሳፈርበት በር ሲቀየር በድምፅ ማጉያ ተነግሯል፤ እኔ ግን ምን ሰምቼ። ሰዎቹ ተነስተው ሲሄዱ እኔ ቁጭ ብዬ ጫማቸውን አያለሁ። ደግነቱ ወለል የምታጸዳ ሴት እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየችና መጥረጊያዋን ጥላ እጄን ይዛ ሮጠች። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ምን ብዬ እንዳመሰገንኳት አላውቅም፣ ብቻ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

እኔ ደረስኩ፣ ሻንጣዬ ግን አልደረሰም። ከሁለት ቀን በኋላ የጠፋ ዕቃ ቢሮ ሄደን ስናመለክት ሠራተኛው ውስጡ ምን አለ አለ። አብሮኝ የነበረው አስተርጓሚዬ ሳያስብበት ሁለት እግር ነው ብሎ መለሰለት። ሠራተኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የእንጨት ነው፣ የእንጨት ነው ብለን ጠረጴዛውን እየደበደብን እስክናስረዳው ድረስ ለፖሊስ ሊደውል ምንም አልቀረውም። ለሚስማር ስነግረው ሳቁ ትንፋሽ አሳጥቶት ነርሷ ቆጣችኝ።

ቀደምኩ መሰለኝ። የደረስኩ ቀን ዝናብ ነበር። ነጋዴዋ የነገረችኝን የሕንጻ ቁጥር ለባለታክሲው በጣቴ አሳየሁት፤ እሱም ያው ቁጥር ያለው ሌላ ሰፈር አውርዶኝ ሄደ። በማላውቀው ቋንቋ የማላውቃቸውን ሰዎች በር ሳንኳኳ ቆይቼ፣ ርሼ፣ ትክክለኛውን ያገኘሁት መሽቶ ሊጨልም ሲል ነው። በሩን የከፈተልኝ ሰው ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው። ፊቴን ከማየቱ በፊት እግሬን አየ። የሚስማር እህት ነሽ አለኝ። እንዴት አወቅክ ስለው በጫማሽ ስፌት አለኝ። ክፍሉን ከሚስማር ጋር የሚጋራው የአገራችን ልጅ ነው፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው። በኋላ አስተርጓሚም፣ ወንድምም ሆኖኛል። አስገብቶ ፎጣ ሰጠኝና ቤት የለም፣ ሆስፒታል ነው፣ ከተኛ ሰነበተ አለኝ። ለእናንተ እንዳይነግር አስምሎት ነበር። አንተ ልጄ ሆቴል ይሠራል ስትል የኖርከው፣ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ቀኑን ሙሉ ቆሞ አንሶላ መተኮስ ነው። እግሩ ሲያብጥም ሥራው ያመጣው ድካም ነው ብሎ ራሱንም እኛንም ሲያታልል ከርሟል።

በማግስቱ ሆስፒታል ወስዶኝ የአልጋውን መጋረጃ ገለጥ ሳደርግ ከፊቱ በፊት እግሩን ነው ያየሁት። ትራስ ላይ ተሰቅሏል። አባዬ፣ ያ የሚስማር እግር አይደለም። ቁርጭምጭሚት የለውም። ጣት ቢያሳርፉበት ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ፊቱ ደግሞ በተቃራኒው አጥንቱ ብቻ ቀርቶ አንተን ቁርጥ ሆኗል። እኔን ሲያይ ምን ልትሠሪ መጣሽ አላለኝም። እናንተ እንዴት ናችሁም አላለኝም። አባዬ አይቶታል ወይ ነው ያለኝ። አላየውም አልኩት። ተመስገን አለና ዓይኑን ጨፈነ።

እዚህ ላይ ልቆጣህ ነው፤ ሁሌ አንተ ትቆጣለህ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ያ ልጅ ልቡ እየደከመ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት በየወለሉ እየተቀመጠ፣ የፈራው ሞትን አልነበረም። አንተ ጫማውን እንዳታይበት ነበር የፈራው። ያመመው ቀን ወዲያው ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይልቅ ላስቲክ ፈልጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ጠርዙን አጥፎ ሲሰፋ አምሽቷል። ቆዳ ነው እኮ አባዬ። ቆዳ ነው። እንደሱ አድርገህ ለምን አሳደግከን? ይህን እያለቀስኩ ነው የምጽፍልህ፤ ከዚህ በፊት ደፍሬ ብነግርህ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ለእሱም ይህንኑ ብዬው ነበር። እሱ ግን አልተቀበለኝም። አባዬን አታውቂውም አለኝ። ሰው ቢንቀን፣ ቤታችን ቢያፈስ፣ እግራችን ላይ ያለውን አይቶ ማንም እንዳይስቅብን ነው የለፋው አለኝ። ከዚያ መልእክት ሰጠኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ ቆዳውን የቆረጥኩት ቀጥ አድርጌ ነው፣ ጠርዙንም እንዳስተማርከኝ አጥፌ ነው የሰፋሁት፣ ብታየውም አታፍርብኝም በይልኝ። አድርሻለሁ።

ሐኪሟ ልብ ሲደክም ውሃው ወደ እግር ይወርዳል ብላ አስረዳችን። መድኃኒት ይሞከራል፣ ታግሠን እናያለን አለች። ሚስማር የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ቤቱ መግባት። ያውም ተደግፎ ሳይሆን በገዛ እግሩ ቆሞ፣ ጫማ አድርጎ። በነጠላ ጫማ አባዬ ፊት አልቆምም አለ። ለዚህ እግር የሚሆን ጫማ ደግሞ የትም አይሸጥም። እኔ ነኝ የምሠራለት አልኩ።

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ቁልፍ የሚቀርጽና የሴት ጫማ ታኮ የሚቀይር ሽማግሌ ጠባብ ሱቅ አለው። በምልክት ለመንኩት፤ በምልክት ከለከለኝ። ሻንጣዬ ተገኝቶ ሲመጣ ግን ፎርማዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንዱን አነሳና ተረከዙን በአውራ ጣቱ ደባብሶ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ። የራሱን ወስፌም ሰጠኝ። ቃል ሳንለዋወጥ ጎን ለጎን ሠራን። ስፌት ስስት እንደ አንተ በአፍንጫው ይተነፍሳል፤ ለመቆጣት ቋንቋ አያስፈልግም ለካ።

ፎርማው የድሮው የሚስማር እግር ነው፣ ቀጭን። በእብጠቱ ልክ እንዲሆን ላዩ ላይ ቁራጭ ቆዳ እየለጠፍኩ አሳበጥኩት። የገዛ ወንድሜን እግር በእጄ አሳበጥኩት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጋ ሄጄ እግሩን በክር እለካለሁ። ከዚያ መድኃኒቱ መሥራት ጀመረ አባዬ! አንድ ጠዋት ክሩ አጠረ። በማግስቱም አጠረ። ክሩ ባጠረ ቁጥር እየሮጥኩ ሄጄ ከፎርማው ላይ አንድ ቁራጭ እልጣለሁ፤ ሽማግሌውም እየገባው መጣና ገና ከበር ሲያየኝ ጉጠቱን ያቀብለኝ ጀመር። ቁርጭምጭሚቱ ሲወጣ ሚስማር ራሱ አንሶላውን ገልጦ ለነርሶቹ ሁሉ አሳየ። በመጨረሻ እንጨቱ እርቃኑን ቀረ። ያ እንጨት፣ አንተ የጠረብከው፣ ምንም ያልተለጠፈበት። ጫማውን በዚያው በድሮው ልክ ሰፋሁት።

ከሆስፒታል አስወጥተው ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ወደሚጋራው ክፍሉ መለሱት። ሐኪሟ ዳቦ ጋጋሪውን ጠርታ ለብቻዋ ንገራት ያለችውን ነገረኝ። የእግሩ እብጠት ጎደለ ማለት ልቡ በረታ ማለት አይደለም፣ ለመንገድ አትቸኩሉ። ሰማሁ። ግን እኔ ጫማ ሰሪ ነኝ፣ የማምነው እግርን ነው። ሚስማርም ቸኮለ። ጎን ለጎን ሁለት ወንበር፣ ለእሱ የመስኮቱን አስያዝን። የዚያን ቀን ነው የደወልንላችሁ። እማዬ ሁለቱም እሑድ ይመጣሉ፣ እሑድ፣ እሑድ እያለች ጆሮህ ላይ ስትጮህ ስልኩን ሚስማር ጆሮ ላይ አድርጌለት ነበር። ምን አልሽ አልክ። ደገመችልህ። ከዚያ ሳቅክ። ስትስቅ በስልክ ሰምተንህ አናውቅም። ሚስማር ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ ይዞት ቆየ።

ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ፣ አዲሱን ጫማ ልሞክረው አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር። ግራውን አስሮ ጨረሰና አባዬ ሲያየው ምን የሚል ይመስልሻል አለኝ። ስፌቱ ረዝሟል ይላል አልኩት። ሳቀ፤ እውነትሽን ነው አለ። ዳቦውን ይዤ ዞር ስል ቀኙ ጫማ ጉልበቱ ላይ ነበር። ቀኙን እኔ አሰርኩለት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጫማውን ማሰሪያ ሰው ሲነካበት እንደማይወድ፣ እጄን ምን ያህል ጊዜ እንደመታኝ ታውቃለህ። አልመታኝም። ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት፣ ዝም አለኝ።

ስለዚያ ጠዋት ሌላ አልጽፍም። ዳቦ ጋጋሪው ሥራ አልገባም። ሽማግሌው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። የልብስ ማጠቢያ ቤት ጓደኞቹ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ ይዘው መጡ፤ እንዲህ ያለ ተኩስ አይቼ አላውቅም፣ አንድ እጥፋት የለውም። ብቻዬን እንዳልነበርኩ እንድታውቅ ነው ይህን የጻፍኩልህ።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ አንብብ። እሑድ አንመጣም። ለእማዬ በረራው ተቀይሮ ነው በላት፤ ለጊዜው ይህ ይበቃታል። ወረቀቱ ሁሉ አልቆ የምንመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። የምንመጣውም በአንድ አውሮፕላን ነው። የመስኮቱን ወንበር ግን ለሌላ መንገደኛ ሰጥተውታል። ባለታክሲውን እንዳትጠራው፣ የእሱ መኪና አጭር ነው። ጣውላ ነጋዴውን ጎረቤታችንን ለምነውና የጭነት መኪናውን ይዞልህ ይምጣ። አጎቶቼን ሁሉ ጥራቸው፤ ትከሻቸው ጠንካራ የሆኑትን የአክስቶቼን ልጆችም እንዳትረሳ። እማዬን ግን ይዘሃት እንዳትመጣ።

ነጋዴዋ እንደነገረችኝ እማዬ ክፍሉን ስታሰናዳ ሰንብታለች፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታ፣ መጋረጃውን አጥባ። አክስቶቼ ሰብሰብ ብለው እስኪመጡና አጠገቧ እስኪቀመጡ ድረስ አታስቁማት። ታንጥፍ። ምን ሆነሃል ብላ ብትጠይቅህ ጥርሴን ነው በላት። ከዚያ በኋላ ግን አንተው ንገራት አባዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድምህ። ዕድሜ ልኳን ለአንተ ስትደግም ኖራለች፤ ይህችን አንዲት ነገር አንተ ለእሷ ተናገርላት። ቀስ ብለህ፣ እጇን ይዘህ።

አትዘንብኝ። ተቆጥቼ የጻፍኩትንም እንደተቆጣሁ ተወው፤ ፍቅሩ ነው ያናገረኝ። እስክንደርስ ድረስ እህል ቅመስ፣ ጉልበትህንም ቅባት ተቀባ፤ ቆመህ መዋል አለብህ። ፈጣሪ ያጽናህ፣ እማዬንም ያጽናልን።

የቀረሁልህ ልጅህ